ታዳሽ ኃይል ለማን ይደርሳል? የኤሌክትሪክ መኪናው፣ ታሪፉና ምጣዱ

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ስለ መብራት የሚነሳው ክርክር ተለውጧል። ቀድሞ ጥያቄው «በቂ ኃይል አለን ወይ?» ነበር፤ አሁን «ካለን ለምን አይደርሰንም?» ሆኗል። 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ሥራ ጀመረ ሲባል የሰማ ሰው ማታ ማታ መብራት ሲጠፋበት፣ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ሲጨምርበት፣ በጎዳናው ላይ ደግሞ ታክስ የተቀነሰላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ሲበዙ ሲያይ ግራ ቢገባው አይፈረድበትም። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2027 የሚካሄደውን 32ኛውን የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ እንድታስተናግድ መመረጧም ጥያቄውን አጉልቶታል። ጉባኤው ሲደርስ አገሪቱ በንፁህ ኃይሏ መመስገኗ አይቀርም። ያ ኃይል በአገር ውስጥ ለማን እንደሚከፋፈል፣ ወጪውንስ ማን እንደሚሸከም ግን ብዙም አይነገርም።

ሽግግሩ እዚህ ምን ማለት ነው?

«ዝቅተኛ የካርቦን የኃይል ሽግግር» የሚባለው ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ ተላቅቆ በውኃ፣ በንፋስ፣ በፀሐይና በከርሰ ምድር እንፋሎት ወደ መጠቀም መሻገር ነው። ትርጉሙ ግን እንደ አገሩ ይለያያል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችን መዝጋት ማለት ስለሆነ፣ የፖለቲካው ጥያቄ የምፑማላንጋ ክፍለ ሀገር የማዕድን ሠራተኛ ሥራውን ሲያጣ ማን ይክሰዋል የሚል ነው። ለዚህ ሽግግር እ.ኤ.አ. በ2021 ሀብታም አገሮች 8.5 ቢሊዮን ዶላር ቃል ሲገቡ አብዛኛው ገንዘብ ብድር ነበር።

ኢትዮጵያ የምትዘጋው የድንጋይ ከሰል ማመንጫ የላትም። ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ ይገኛል፤ የቀረውም በአብዛኛው ከንፋስ ነው። ነገር ግን ኤሌክትሪክ አገሪቱ ከምትጠቀመው ጠቅላላ ኃይል ውስጥ ድርሻው ትንሽ ነው። ትልቁን ቦታ የያዙት ማገዶ፣ ከሰል፣ ኩበትና የሰብል ተረፈ ምርት ሲሆኑ፣ በአብዛኛው የሚነዱትም ምግብ ለማብሰል ነው። በዓለም ባንክ መረጃ መሠረት ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ሕዝብ ከግማሽ በጥቂት ይበልጣል። በከተማ ከአሥር ሰው ዘጠኙ፣ በገጠር ከአሥር ሰው አራቱ ገደማ ያገኛል ማለት ነው።

ይህን አኃዝ ሲያነቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ተደራሽነት» የሚለው ቃል ከፀሐይ ፓኔል አንድ ሁለት አምፖል የሚያበራውንም፣ ምጣድና ማቀዝቀዣ የሚያስነሳውንም አብሮ ይቆጥራል። ለረጅም ጊዜም «መብራት ገባላቸው» ሲባል ይቆጠሩ የነበሩት ከተሞችና ቀበሌዎች ነበሩ። ትራንስፎርመሩ ከተተከለ ቀበሌው ብርሃን አገኘ ይባላል፤ ከምሰሶው 50 ሜትር ርቆ ያለው ቤት ግን ለመስመር፣ ለቆጣሪና ለቤት ውስጥ ሽቦ የሚከፍለው ስለሌለው በጨለማ ይኖራል። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ለሁሉም ዜጋ፣ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ ለማዳረስ አቅዶ ነበር። ዓመቱ አልፏል፤ ግቡ አልተመታም።

የመኪናው ፖሊሲ

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ ገለጹ። ከዚያ አስቀድሞ እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር ለኤሌክትሪክ መኪኖች የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ የኤክሳይስና የሱር ታክስ ነፃነት ሰጥቶ፣ የጉምሩክ ቀረጡንም ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚገባ ዜሮ፣ በከፊል ተበትኖ ለሚገባ 5 በመቶ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ አድርጎት ነበር። የመንግሥት መከራከሪያ ግልጽ ነው፦ ነዳጅ በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ይበላል፤ ኤሌክትሪክ ግን አገር ውስጥ ይመረታል።

ይህ መከራከሪያ በሒሳብ ይቆማል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚጠጣ የቤንዚን መኪና፣ ሊትሩ ከ100 ብር ባለፈበት በ2017 ዓ.ም. ዋጋ ከ800 ብር በላይ ይፈጃል። ያንኑ ርቀት የሚሄድ የኤሌክትሪክ መኪና 15 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ አንዱ ኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ቢገባ እንኳ 90 ብር መሆኑ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚነዳ የራይድ አሽከርካሪ ልዩነቱ የቤተሰብ ገቢ ነው።

ጥያቄው ያለው ከታክስ ነፃነቱ ማን ተጠቀመ የሚለው ላይ ነው። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት አገር ያሉት ተሽከርካሪዎች 1.2 ሚሊዮን ያህል ናቸው። መኪና ያለው ሰው ቀድሞውንም ጥቂቱ ነው፤ የኤሌክትሪኩን የሚገዛው ደግሞ ከጥቂቱም ግቢ ያለው ነው። ቤት ውስጥ 7 ኪሎዋት በሚያህል ቻርጀር ለመሙላት የራስ ቆጣሪ፣ 32 አምፔር የሚሸከም መስመርና መኪናው የሚያድርበት ቦታ ያስፈልጋል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ገመዱን ወዴት ይዘረጋል? ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚገዛትን አሮጌ ቪትዝ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቀድሞ አስወድዷት ነበር፤ እገዳው ደግሞ ጨርሶ ዘጋባት። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የአዲሱ መኪና የብር ዋጋ በዶላሩ ልክ ስለሚወጣ የታክስ ቅናሹ መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው ያወረደለት ዋጋ በምንዛሪው ተመልሶ ተወስዷል።

በሌላ በኩል «የኤሌክትሪክ መኪኖች መብራታችንን ጨረሱት» የሚለው ወሬ ትክክል አይደለም። አንድ መኪና በዓመት 15,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 2,250 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ይህ ከ20 በላይ ኢትዮጵያውያን በአማካይ በዓመት ከሚጠቀሙት ኤሌክትሪክ ጋር እኩል ስለሆነ ልዩነቱ ያሳቅቃል። ቢሆንም 100 ሺህ መኪኖች ተደምረው የሚወስዱት 225 ጊጋዋት ሰዓት (አንዱ ጊጋዋት ሰዓት አንድ ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ነው)፣ ከሕዳሴ ግድብ በዓመት ከሚጠበቀው ከ15,000 ጊጋዋት ሰዓት በላይ ምርት 2 በመቶ እንኳ አይሞላም። እጥረቱ ማመንጫው ላይ አይደለም። የት እንዳለ ለማየት ወደ ወጥ ቤት መግባት ያስፈልጋል።

የምጣዱ ሒሳብ

የተለመደ የቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል። ከሸክላው ሥር ባለው ቦይ የተጠመዘዘው ሬዚስታንስ ሸክላውን ከ200 ዲግሪ በላይ ያግለዋል፤ ሊጡ ዓይን እንዲያወጣ ሙቀቱ ከአክንባሎው በታች ሳይዋዥቅ መቆየት አለበት። በ220 ቮልት 3.75 ኪሎዋት ማለት 17 አምፔር ነው። ስለዚህ ምጣዱ 16 አምፔር ብሬከር ላይ ከተሰካ ቆይቶ ቆይቶ ሊጥል ይችላል፤ ለአምፖል በተዘረጋ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ ከተሰካ ደግሞ ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል። የእሳት አደጋም ከዚህ ይነሳል።

አንድ ቤተሰብ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጋግር በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። አሥር ሚሊዮን ቤተሰብ ከማገዶ ወደ ኤሌክትሪክ ምጣድ ቢዞር የዓመቱ ፍጆታ 5,400 ጊጋዋት ሰዓት ይደርሳል፤ ከሕዳሴው ምርት ሲሦ ያህል መሆኑ ነው። ከባድ ቢሆንም የሚቻል ነው። ከአሥር ምጣድ አንዱ ብቻ በአንድ ሰዓት ቢጣድ ግን በዚያች ሰዓት 3,750 ሜጋዋት በአንድ ጊዜ መገኘት አለበት። በኪሎዋት ሰዓት የሚለካው በጊዜ ሂደት የተጠራቀመ ፍጆታ ነው፤ በኪሎዋት የሚለካው በአንድ ቅጽበት የሚሳበው ነው። መስመርና ትራንስፎርመር የሚቃጠለው በሁለተኛው ነው። በበዓል ዋዜማ ትልልቅ ፋብሪካዎች ኃይል እንዲቀንሱ የሚጠየቁትም ለዚህ ነው።

በመንደር ደረጃ ሲታይ ይበልጥ ይገባል። 50 ኪሎ ቮልት አምፔር፣ ለምጣድ ሲሆን 50 ኪሎዋት ያህል የሚሸከም ትራንስፎርመር መቶ ቤት ሊመግብ ይችላል፤ አምፖል፣ ቴሌቪዥንና ስልክ ብቻ ከሆነ አይጨነቅም። 13 ምጣድ በአንድ ላይ ሲጣድ ግን አቅሙ ያልቃል። ከዚያ ወይ ፊውዙ ይበጠሳል፣ ወይ ዘይቱ እየጋለ የመጠምጠሚያው መከለያ ይበላሽና ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል፤ ምትክ እስኪመጣም ቀበሌው በሙሉ ይጨልማል። ሳይቃጠል ቢቀር እንኳ ቮልቴጁ ይወርዳል። 220 የነበረው 180 ሲሆን የምጣዱ ኃይል በሲሦ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም ኃይሉ የሚወርደው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው። እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ መጋገሪያው ጊዜ ይረዝማል፣ ሸክላው ከሥሩ የሚያባክነው ሙቀትም ስለሚጨምር ለአንድ እንጀራ የሚከፈለው ይበዛል። ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ያሉት ቤቶች፣ ብዙ ጊዜም ከሁሉ ድሆቹ፣ ለባሰ አገልግሎት የበለጠ ይከፍላሉ። ከዚያም እናትየዋ ወደ ማገዶዋ ትመለሳለች።

የሽግግሩ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ነበር። ጭስ የምትተነፍሰው፣ ማገዶ ተሸክማ የምትውለው በአብዛኛው ሴቷና ልጇ ናቸው። ምርጥ ምድጃ የተባለው ማገዶ ቆጣቢ የእንጀራ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ማገዶ ግማሽ ያህሉን ስለሚቆጥብ ዛሬም ርካሹ መፍትሔ እርሱ ነው፤ በፖሊሲ ንግግር ግን ከመኪናው ጋር የሚወዳደር ትኩረት አግኝቶ አያውቅም። ለመኪና የተሰጠው የታክስ ነፃነት በጋዜጣዊ መግለጫ ይነገራል፣ የቀበሌ ትራንስፎርመር አቅም ግን በይፋ አይገለጽም።

ታሪፍና የጋራ ቆጣሪ

በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተጀመረው የታሪፍ ማሻሻያ በየሦስት ወሩ እየጨመረ አራት ዓመት የሚዘልቅ ነው። የተቆጣጣሪው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣንም ሆነ የዓለም አቀፍ አበዳሪዎች መርህ «ወጪን የሚሸፍን ታሪፍ» ነው፤ ኃይሉን ለማመንጨት፣ ለማስተላለፍና ለማከፋፈል የወጣው ገንዘብ ከደንበኛው እንዲመለስ ማለት ነው። መርሁን የሚደግፉ ሰዎች ጠንካራ ነጥብ አላቸው። ርካሽ ታሪፍ የሚጠቅመው ቀድሞ መስመር የገባለትን ነው፤ ድጎማው ከፍ ያለ ፍጆታ ላለው ይበዛል፤ ተቋሙ ሲከስር ደግሞ ትራንስፎርመር መቀየርም መስመር መዘርጋትም ያቅተዋል፣ መስመር ያላገኘውም ይብሱን ይጠብቃል። ከሚመነጨው ኃይል አንድ አምስተኛ ገደማ በመንገድ የሚባክነውም አሮጌ መስመር ስላልታደሰ ነው።

ተቃዋሚዎቹ የሚያነሱት ጭማሪው የሚያርፍበትን ትከሻ ነው። ድሃውን ይጠብቃል የሚባለው መሣሪያ የእርከን ታሪፍ ነው፦ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ዝቅተኛውን ዋጋ ይከፍላል፣ ፍጆታው ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይወጣል። ከአዲሱ ማሻሻያ በፊት ታችኛው እርከን 0.273 ብር፣ ከ51 እስከ 100 ያለው 0.767 ብር፣ ከ500 በላይ ያለው 2.481 ብር ነበር። ከላይ ያለውን የምጣድ ሒሳብ እዚህ ላይ ያስቀምጡት፦ ምጣዱ ብቻውን 45 ኪሎዋት ሰዓት ከወሰደ፣ ሁለት አምፖልና አንድ ቴሌቪዥን ቤተሰቡን ከታችኛው እርከን ያስወጡታል። የ50 ኪሎዋት ሰዓት ጣሪያ የተሰላው እንጀራ በኤሌክትሪክ ለማይጋግር ቤት ይመስላል።

ከዚህ የሚከፋው የጋራ ቆጣሪ ነው። በከተማ አንድ ግቢ ውስጥ አራት ተከራይ በአንድ አከራይ ቆጣሪ መጠቀማቸው የተለመደ ነው። እያንዳንዳቸው 45 ኪሎዋት ሰዓት ቢጠቀሙ ለየብቻቸው ታችኛው እርከን ላይ ይቀሩ ነበር። ተደምረው ግን 180 ይሆናሉ፤ በቀድሞው ሰንጠረዥ ከ101 እስከ 200 ያለው እርከን 1.625 ብር ስለነበር የላይኛው ፍጆታቸው ስድስት እጥፍ ገደማ ይወደዳል። ለድሃው የታሰበው ድጎማ ብቻውን ቆጣሪ ለያዘ አነስተኛ ቤተሰብ ይደርሳል፣ አራት ድሃ ቤተሰብ የተጠጋጉበትን ግቢ ግን እንደ አንድ ሀብታም ይቆጥረዋል። ብዙ አከራዮች በዚህ ሰበብ ምጣድና ምድጃ ይከለክላሉ፤ ተከራዩም መብራት እያለው ከሰል ይገዛል።

ለውጭ የሚሸጠውና ለቢትኮይን የሚሄደው

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የተባለው የመንግሥት ተቋም ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ኃይል ይሸጣል፤ ለኬንያ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ6.5 የአሜሪካ ሳንቲም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ቢትኮይን ከሚያመርቱ፣ ማለትም ኮምፒውተሮችን ሌት ተቀን እያሠሩ የዲጂታል ገንዘብ ከሚያገኙ ከ20 በላይ ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ በ3.14 ሳንቲም ሲሸጥ ቆይቷል፤ በኋላም አዲስ ጥያቄ መቀበል አቁሟል። እነዚህ ደንበኞች ቀላል አይደሉም። 100 ሜጋዋት ሳያቋርጥ ዓመቱን ሙሉ ሲወሰድ 876 ጊጋዋት ሰዓት ነው፤ ከ380 ሺህ በላይ የኤሌክትሪክ መኪና ከሚፈጀው ጋር እኩል ይሆናል።

ሽያጩን የሚደግፉት የስርጭት መስመር በሌለበት ኃይሉ ለገጠሩ ሊደርስ ስለማይችል በከንቱ ውኃ ከሚፈስ ዶላር ቢያመጣ ይሻላል ይላሉ። ኩባንያዎቹ በማከፋፈያ ጣቢያ አጠገብ ስለሚሰፍሩ መንደር ለመንደር መስመር አያስፈልጋቸውም፣ ክፍያቸውም በውጭ ምንዛሪ ነው። በአጭር ጊዜ ይህ አሳማኝ ነው። አደጋው ያለው ዶላሩ ወደ ስርጭት መስመር ካልተመለሰ ላይ ነው፤ ያኔ «ለገጠሩ መስመር ስለሌለ እንሸጣለን፣ ስለምንሸጥም መስመር አያስቸኩልም» የሚል ዑደት ይፈጠራል። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ አገር አቀፍ ፈረቃ መጣሉም መዘንጋት የለበትም። ዝናብ በሚጎድልበት ዓመት መጀመሪያ የሚቋረጠው የማን ኃይል እንደሆነ በውሉ ውስጥ መጻፍና ለሕዝብ መገለጽ አለበት። ኮምፒውተር ሲጠፋ የሚበላሽ ሊጥ የለም።

ከግድቡ አካባቢ ያሉት

ሕዳሴው የተገነባው በአገር ውስጥ ገንዘብ ነው፤ መምህሩና ገበሬው፣ በውጭ ያለው ኢትዮጵያዊም ቦንድ ገዝቶበታል። ከቦንዱ በላይ የከፈሉት ግን ቤታቸውን የለቀቁት ናቸው፤ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ተነስቷል። ከጊቤ ሦስት በታች ያሉት የኦሞ ሸለቆ ማኅበረሰቦችም የወንዙ ዓመታዊ ሙላት ሲቆም ውኃው የተመለሰበትን እርጥብ መሬት እየተከተሉ ማሽላ የሚዘሩበትን እርሻ አጥተዋል። ከፍተኛ ቮልቴጅ የተሸከመ መስመር በማሳው ላይ የሚያልፍበት ገበሬ ከዚያው መስመር አንድ አምፖል ማብራት አይችልም፤ 400 ኪሎ ቮልትን ወደ ቤት ቮልቴጅ ለማውረድ ማከፋፈያ ጣቢያ ያስፈልጋል። የቴክኒኩ ምክንያት እውነት ነው። ጣቢያው የት ይሠራ የሚለው ግን የበጀትና የፖለቲካ ውሳኔ ነው።

የምንዛሪው ጉዳይና ከመስመር ውጪ የሚቀሩት

እ.ኤ.አ. በ2019 የሳዑዲው የኃይል ኩባንያ አክዋ ፓወር በጋድና በዲቸቶ በድምሩ 250 ሜጋዋት የፀሐይ ማመንጫ ለመገንባት ጨረታ ሲያሸንፍ አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ2.526 የአሜሪካ ሳንቲም ለመሸጥ ነበር። በዋጋ ደረጃ እጅግ ርካሽ ነበር፤ ማመንጫዎቹ ግን አልተሠሩም። እንዲህ ባሉ ውሎች ሁሉ የሚገጥመው እንቅፋት ይታወቃል፦ ባለሀብቱ የሚከፈለው በዶላር፣ ደንበኛው የሚከፍለው በብር ነው። ብር ሲወርድ ልዩነቱን ወይ ተቋሙ ይሸከማል፣ ወይ በታሪፍ ወደ ደንበኛው ይወርዳል። አፍሪካ ለዓለም የካርቦን ልቀት ያላት ድርሻ 4 በመቶ ገደማ ሆኖ ሳለ ለንፁህ ኃይል የምትበደርበት ወለድ ከሀብታሞቹ አገሮች የሚበልጠው አበዳሪው ይህን ስጋት ስለሚያስከፍል ነው።

ብሔራዊው የተደራሽነት ፕሮግራም ከመስመር ውጪ ያስቀመጣቸው 35 በመቶ ዜጎች ድርሻ በአብዛኛው የፀሐይ ኃይል ነው። ጨለማን ያባርራል፣ ስልክ ይሞላል፣ ትምህርት ቤትንና ጤና ኬላን ያግዛል። ነገር ግን የቤት ውስጥ የፀሐይ መሣሪያ ከ20 እስከ 100 ዋት ሲሆን ምጣዱ 3,750 ዋት ይጠይቃል። አነስተኛ የመንደር ማመንጫም 20 ምጣድ በአንድ ላይ ለማስነሳት ትልቅ ባትሪና ኢንቨርተር ስለሚያስፈልገው የኪሎዋት ሰዓቱ ዋጋ ከዋናው መስመር ብዙ እጥፍ ይሆናል። እነዚህ ቤተሰቦች በሪፖርቱ «ኤሌክትሪክ አግኝተዋል» ተብለው ይመዘገባሉ፣ እንጀራቸው ግን በማገዶ ይጋገራል። ለእነርሱ የሚያዋጣው የፀሐይ መብራትን ከምርጥ ምድጃ ጋር አብሮ ማቅረብ ነው፤ ዛሬ ሁለቱ በተለያዩ ፕሮግራሞች ይሠራሉ።

በመስመሩ ላይ ላሉትም ብዙ ዶላር የማይጠይቁ እርምጃዎች አሉ። ታችኛው እርከን በቆጣሪ ሳይሆን በግቢው በሚኖሩ ቤተሰቦች ቁጥር ሊሰላ ይችላል፤ የቀበሌ መታወቂያና የካርድ ቆጣሪ ባለበት ከተማ ይህ ከባድ አይደለም። ጣሪያው ምጣድን በሚያካትት መጠን፣ ለምሳሌ 100 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ሊደረግ ይችላል፤ የሚጎድለው ገቢ ከላይኛው እርከንና ግቢ ውስጥ ከሚሞሉ መኪኖች ታሪፍ ሊሸፈን ይችላል። የምጣዱ ሥር ሙቀት በሚይዝ ነገር በደንብ ከተሸፈነ ለማጋል የሚፈጀው ጊዜ ያጥራል፤ ለዚህ የአገር ውስጥ አምራቾች የሚገደዱበት የጥራት ደረጃ ወጥቶ በገበያ ላይ ቁጥጥር ቢደረግ በየቤቱ በየወሩ ይቆጠባል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ደግሞ እያንዳንዱ ትራንስፎርመር ስንት ቤት እንደሚመግብ፣ በዓመት ስንት ጊዜ እንደተቃጠለና ምትኩ በስንት ቀን እንደተተከለ በየወረዳው ቢያወጣ፣ ቀጣዩ የታሪፍ ጭማሪ ምን እንደገዛ ማንም ሰው አይቶ ሊጠይቅ ይችላል።